የጥርስ ማሸጊያን ብሩሽ ይበላዋልን?

መካነ ኢየሱስ፦ ጭንጫ መሬት ላይ የዋለ ማረሻ ቶሎ ያልቃል፤ በለማ አፈር ላይ የዋለው ግን ዕድሜው ይረዝማል። በደቡብ ጎንደር ዞን እስቴ ወረዳ የሚያርስ ማንኛውም አርሶ አደር ይህን ያውቃል። ብረቱን የሚበላው የእርሻው ብዛት ብቻ አይደለም፤ ብረቱ የሚታከከው ነገር ጥንካሬ ጭምር ነው። ስለ ጥርስና ስለ ጥርስ ብሩሽ የሚነሣ አንድ ጥያቄም መልሱን የሚያገኘው ከዚሁ ቀላል እውነት ነው።

በጥርስ ሕክምና ለልጆች መንጋጋ የሚደረግ "ሲላንት" የሚባል የጥርስ ማሸጊያ አለ። በመንጋጋ ማኘኪያ ገጽ ላይ ያሉትን ስንጥቆች የሚደፍን፣ እንደ ፈሳሽ ተቀብቶ የሚጠነክር ስስ ሽፋን ነው። ልጃቸውን ወደ ከተማ ወስደው፣ የትራንስፖርትና የሕክምና ወጪ ከፍለው ይህን ያስደረጉ ወላጆች አንድ ስጋት ቢያድርባቸው አይገርምም፦ ልጁ በየቀኑ ጥርሱን ሲቦርሽ ይህ ስስ ሽፋን ተፍቆ አያልቅምን?

አጭሩ መልስ፣ ብሩሽ በራሱ ማሸጊያውን አያነሣውም የሚል ነው። ማሸጊያውን የሚያስለቅቁት ሌሎች ናቸው። ሲደረግ ጥርሱ ላይ የቀረ ምራቅ፣ የዕለት ተዕለት ማኘክ፣ ከብሩሽ ወይም ከጣት ጋር ወደ አፍ የሚገባ ሻካራ ነገር ዋነኞቹ ናቸው። ስለዚህ ማሸጊያው እንዳይለቅ በሚል ስጋት መቦረሽን መቀነስ፣ ጎርፉን ለማዳን ሲባል እርከኑን እንደማፍረስ ይቆጠራል።

ስድስተኛዋ ጥርስ

የአፈር መሸርሸርን የሚያውቅ ሰው የጥርስን መቦርቦር ለመረዳት አይቸገርም። ቃሉም አንድ ነው። ቦረቦር በአንድ ቀን አይፈጠርም፤ ውኃ በትንሽ ስንጥቅ ተሰብስቦ መውረድ ሲጀምር ይጀምራል፣ ካልተከተረ እየሰፋ ማሳውን ይበላል። የመንጋጋ ጥርስ ማኘኪያ ገጽም ሜዳ አይደለም፤ ጉብታና ሸለቆ አለው። በሸለቆዎቹ ግርጌ ለዓይን የማይታዩ ጠባብ ስንጥቆች ይገኛሉ።

በእነዚህ ስንጥቆች የምግብ ትርፍራፊ ይቀራል። በአፍ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች በተለይ ስኳርን ሲያገኙ ወደ አሲድ ይለውጡታል። የአሲድነት መለኪያው ፒ.ኤች ከ5 ነጥብ 5 አካባቢ በታች ሲወርድ ኢናሜል የሚባለው ጠንካራው የጥርስ የላይኛው ክፍል ማዕድኑን ማጣት ይጀምራል። ምራቅ አሲዱን እያረገበ፣ ማዕድኑንም እየመለሰ ይከላከላል። ነገር ግን ስኳር በቀን ውስጥ ደጋግሞ ወደ አፍ ከገባ ምራቅ ለመጠገን ጊዜ አያገኝም። ኢናሜሉ ተበስቶ ከሥሩ ያለው ለስላሳ ክፍል ዴንቲን ሲጋለጥ ቦረቦሩ በፍጥነት ይሰፋል።

ለዚህ ጉዳት ይበልጥ የምትጋለጠው ጥርስ ልጆች ወደ 6 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው የምትበቅለው የመጀመሪያዋ ቋሚ መንጋጋ ናት። ይህች ጥርስ የምትበቅለው ከወተት ጥርሶች በስተኋላ ነው። የምትተካው የወተት ጥርስ ስለሌለ ከመብቀሏ በፊት የሚነቃነቅም ሆነ የሚወልቅ የለም። በዚህ የተነሣ ብዙ ወላጆች መብቀሏን ልብ አይሉም፤ ቢያዩዋትም እንደ ወተት ጥርስ ቆጥረው "ትወድቃለች፣ ሌላ ይተካል" ይላሉ። እርሷ ግን ቋሚ ናት። በልጅነት ከተነቀለች ዕድሜ ልክ አትተካም።

ችግሩ ለአማራ ክልል ሩቅ አይደለም። በጎንደር ከተማ ከ7 እስከ 14 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ከ100 ልጆች 36ቱ የተቦረቦረ ጥርስ እንዳላቸው አሳይቷል። በባሕር ዳር ከተማ የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪዎች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ቁጥሩን ከ100 ወደ 22 ገደማ አድርሶታል። ቁጥሮቹ ይለያዩ እንጂ ሁለቱም የሚናገሩት አንድ ነገር ነው፦ በአንድ የመማሪያ ክፍል ውስጥ ከሚቀመጡ ልጆች መካከል በጥርስ ሕመም ትምህርቱን የሚከታተል ልጅ መኖሩ እንግዳ ነገር አይደለም።

ማሸጊያው እንዴት ይያዛል?

ማሸጊያ ለቦረቦር ከተሠራ ክትር ጋር ይመሳሰላል። ውኃው ሳይበረታ፣ ስንጥቁ ሳይሰፋ ይሠራል። የተጀመረበት ሐሳብ የመጣው ከጥርስ ሕክምና ውጭ መሆኑ ያስገርማል። አሜሪካዊው የጥርስ ሐኪም ማይክል ቡኦኖኮሬ እ.ኤ.አ. በ1955 ባሳተመው ጥናት፣ በኢንዱስትሪ ቀለም ብረት ላይ አጥብቆ እንዲይዝ ብረቱ አስቀድሞ በፎስፎሪክ አሲድ እንደሚታጠብ አስተውሎ፣ ያንኑ በጥርስ ኢናሜል ላይ ሞከረው። አሲዱ የኢናሜሉን ገጽ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ያደርገዋል። ከዚያ የሚቀባው ሬዚን የተባለ ቁስ ወደ ቀዳዳዎቹ ገብቶ ሲጠነክር እንደ ተክል ሥር ይይዛል።

ዛሬ ሥራው አጭር ነው። ጥርሱ ይጸዳል፤ ደካማ የፎስፎሪክ አሲድ ለጥቂት ሰከንዶች ይቀባል፤ ታጥቦ በደንብ ይደርቃል፤ ፈሳሹ ማሸጊያ በስንጥቆቹ ላይ ይፈስሳል፤ በመጨረሻም በልዩ ሰማያዊ ብርሃን ይጠነክራል። መርፌ አያስፈልገውም፤ ጥርስ አይሰረሰርም፤ ልጁም አያመውም።

ጥቅሙ በብዙ አገር ተመዝኗል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እንደሚገልጸው ማሸጊያ በኋለኞቹ ጥርሶች ላይ የሚደርሰውን መቦርቦር በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት 80 በመቶ ይከላከላል፤ እስከ 4 ዓመት ድረስም ጥበቃው ወደ 50 በመቶ ይደርሳል። ጥበቃው ከዓመት ዓመት የሚቀንሰው ማሸጊያው በአንዳንድ ልጆች ጥርስ ላይ በከፊል ወይም በሙሉ ስለሚለቅ ነው። ታዲያ የሚያስለቅቀው ምንድን ነው?

ብሩሽ ለምን አያነሣውም?

መልሱ ከመጠን ይጀምራል። የአንድ የጥርስ ብሩሽ ጭረት ውፍረት ወደ 0 ነጥብ 2 ሚሊ ሜትር ነው። የመንጋጋ ስንጥቆች ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ይጠባሉ፤ ወደ 0 ነጥብ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚሆኑ ብዙ ናቸው። ጭረቱ ከስንጥቁ ስለሚወፍር ወደ ውስጥ ሊገባ አይችልም። ልጁ በትጋት እየቦረሸም መንጋጋው ሊቦረቦር የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ይኸው እውነት በተገላቢጦሽ ማሸጊያውን ይጠብቀዋል፤ ብሩሹ ገብቶ ሊያጸዳው ያልቻለውን ስንጥቅ ገብቶ ሊቆፍረውም አይችልም።

ሁለተኛው ነገር ጥንካሬ ነው። የብሩሽ ጭረት ለስላሳ ናይለን ነው። ያለ ሳሙና ብቻውን ሲታሽ ኢናሜልን እምብዛም አይነካም። የሚፍቀው በጥርስ ሳሙና ውስጥ የሚጨመረው ደቃቅ ዱቄት ነው። ብሩሹ እንደ ሞፈር ነው፤ የሚያርሰው ማረሻው ነው።

ማዕድናት በጥንካሬ የሚለኩበት ሞህስ የሚባል መለኪያ አለ፤ ከ1 እስከ 10 ይሄዳል። የጥርስ ኢናሜል በዚህ መለኪያ 5 ገደማ ላይ ይገኛል። በብዙ የጥርስ ሳሙናዎች ውስጥ ያለው ካልሲየም ካርቦኔት 3 ነው፤ የገበታ ጨው ከዚያም ያንሳል። ንጹሕ አሸዋ ግን 7 ነው። የላላው የጠነከረውን አይጭርም፤ የጠነከረው ግን የላላውን ይጭራል። ለዚህ ነው ተገቢው ደረጃ ያለው የጥርስ ሳሙና በዕድሜ ልክ መቦረሽ ኢናሜልን አይጎዳም ማለት የሚቻለው።

ማሸጊያው ከኢናሜል ይልቅ ለስላሳ ስለሆነ የተወሰነ መፋቅ ይደርስበታል። ተመራማሪዎች ይህን የሚለኩት በማሽን ነው። በማሸጊያ የተሸፈነ ጥርስ ወይም ናሙና ተይዞ፣ ውኃና የጥርስ ሳሙና ተበጥብጦ እየፈሰሰበት፣ ብሩሽ በተወሰነ ክብደት ተጭኖ በሺዎች የሚቆጠር ጊዜ ይመላለስበታል። ብዙዎቹ 10,000 ምልልስን ከአንድ ዓመት መቦረሽ ጋር የሚቀራረብ አድርገው ይወስዱታል። ከዚያ የተፋቀው መጠንና የገጹ ሸካራነት ይለካል።

እንዲህ ባሉ ሙከራዎች የሚታየው መፋቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው በሺኛ ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነት የሚያመጣው የማሸጊያው ዓይነት ነው። አንዳንዱ ሬዚን ውስጡ የመስታወት ወይም የሲሊካ ደቃቅ የተሞላበት ነው፤ ይህ መፋቅን ይበልጥ ይቋቋማል። ሙሌት የሌለው ሬዚን ቀጭንና ወደ ስንጥቅ በቀላሉ የሚገባ ቢሆንም ከላይ ቶሎ ይላጋል። ሆኖም ከላይ መላጋቱ ብዙ አያሳስብም፤ ማሸጊያው ዋና ሥራውን የሚሠራው ከላይ በጉብታው ሳይሆን ከታች በስንጥቁ ውስጥ ነው።

አመድ፣ ከሰልና የአውድማ አሸዋ

ሊያሳስብ የሚገባው ከብሩሹ ጋር የሚመጣው ነገር ነው። በገጠርም ሆነ በከተማ ጥርስን በአመድ፣ በተፈጨ ከሰል ወይም በደረቅ ጨው ማሸት የቆየ ልማድ ነው። ጥርስን ያነጣል ተብሎ ስለሚታመን ይወደዳል። ከምድጃ የተዛቀ አመድ ግን ንጹሕ አመድ አይደለም፤ ከምድጃው አፈርና አሸዋ ጋር የተደባለቀ ነው። ከሰልም በቤት ሲፈጭ ቅንጣቱ እኩል አይደቅም። ጨው ከኢናሜል የላላ ቢሆንም ሻካራው ቅንጣት ድድን ያቆስላል። ከሁሉም በላይ ሦስቱም ጥርስን ከመቦርቦር የሚጠብቀው ፍሎራይድ አይኖራቸውም። በጥርሱ ላይ ማሸጊያ ያለበት ልጅ በእነዚህ ነገሮች ጥርሱን ማሸት የለበትም። ማሸጊያ የሌለውም ቢሆን ቢተዋቸው ይሻለዋል፤ የድዱ ጥግ ከሸሸ በኋላ የሚጋለጠው የጥርስ ሥር እንደ ኢናሜል ጠንካራ አይደለም፣ በቀላሉም ይሰረጎዳል።

ሌላው የጥርስ ፈታኝ በማዕድ ላይ የሚቀርብ ነው። እህል በአውድማ ላይ በከብት እግር ሲወቃ አፈርና አሸዋ ከምርቱ ጋር ይቀላቀላል። በተለይ ጤፍ ፍሬው እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ከአሸዋ ለመለየት ያስቸግራል። አውድማን በእበት መለቅለቅ፣ በሸራ ላይ መውቃት፣ ደጋግሞ ማበጠርና መንፋት የገበያ ዋጋን ብቻ ሳይሆን የቤተሰብን ጥርስም ይጠብቃል። አሸዋ የገባበት እንጀራ በየቀኑ ሲታኘክ በማሸጊያም በኢናሜልም ላይ የሚያደርሰው መፋቅ ብሩሽ ከሚያደርሰው ይበልጣል። ጠንካራ ቆሎን በአዲስ ማሸጊያ ላይ መቆርጠምም ጫፉን ሊሰብረው ይችላል፤ ከቆሎ ጋር ጠጠር መንከስ ደግሞ ጥርሱን ራሱ ሊሰነጥቅ ይችላል።

ዋናው ጠላት ምራቅ ነው

ማሸጊያ ቶሎ የሚለቅበት ትልቁ ምክንያት ከመቦረሽ ጋር አይገናኝም። በሚደረግበት ሰዓት ጥርሱ በምራቅ ከረጠበ ሬዚኑ በጥቃቅኖቹ ቀዳዳዎች ውስጥ ሥር ሊሰድ አይችልም። በረጠበ ግድግዳ ላይ የተቀባ ቀለም ቶሎ እንደሚላጥ ሁሉ እንዲህ ያለው ማሸጊያም በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ይለቃል። ገና ሙሉ በሙሉ ያልወጣች፣ ድድ በከፊል የሸፈናት መንጋጋ ለማድረቅ ስለምታስቸግር በዚህ ጊዜ የሚደረግ የሬዚን ማሸጊያ አስተማማኝ አይሆንም።

ለዚህ መፍትሔ የሚሆን ግላስ አዮኖመር የተባለ ሌላ ቁስ አለ። እርጥበትን ከሬዚን በተሻለ ይታገሣል፤ ፍሎራይድም ያመነጫል። ድክመቱ ከሬዚን ይልቅ ቶሎ መፋቁና መልቀቁ ነው። ሆኖም ከላይ የለቀቀ በሚመስልበት ጊዜም ከስንጥቁ ግርጌ የቀረው ቁስ መከላከሉን ሊቀጥል ይችላል።

ይህ ቁስ ለገጠር ሕክምና ያለው ትርጉም ትልቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ በታንዛኒያ የተጀመረ አንድ የአሠራር ዘዴ የተቦረቦረን ጥርስ ያለ ኤሌክትሪክና ያለ መሰርሰሪያ፣ በእጅ መሣሪያ ብቻ አጽድቶ በግላስ አዮኖመር መድፈንንና ማሸግን አስተዋውቋል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2021 ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙናንና ግላስ አዮኖመርን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አካትቷል። ይህም የጥርስ መከላከያ የሀብታም አገር ቅንጦት ሳይሆን መሠረታዊ የጤና አገልግሎት መሆኑን የሚያረጋግጥ ነው።

ማሸጊያ ያስደረገ ልጅ በየ6 ወሩ፣ ካልተቻለ በዓመት አንድ ጊዜ ሊታይ ይገባል። በከፊል የለቀቀ ማሸጊያ በአጭር ጊዜ ይጠገናል፤ እንደገና ከመጀመር ይልቅ መጨመር ብቻ ይበቃል። የፈረሰን ክትር ከክረምቱ በፊት መጠገን እንደሚቀል ሁሉ እዚህም ጊዜው ሳያልፍ ማየት ወጪን ይቆጥባል።

ማሸጊያው በማይገኝበት ቦታ

ለብዙ የገጠር ቤተሰብ ማሸጊያ ገና ሩቅ ነው። ጥርስን የሚጠብቀው ዋናው ሥራ ግን በቤት ውስጥ የሚሠራ ነው።

የመጀመሪያው ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና ነው። በማሸጊያው ላይ ከ1,000 እስከ 1,500 ፒ.ፒ.ኤም ፍሎራይድ መኖሩን ማየት ያስፈልጋል። ከ3 ዓመት በታች ላለ ሕፃን የሩዝ ፍሬ፣ ከ3 እስከ 6 ዓመት ላለ ልጅ የአተር ፍሬ የሚያህል ይበቃል። በቀን ሁለት ጊዜ፣ በተለይም ማታ ከመተኛት በፊት መቦረሽ ይገባል። ልጁ ሲጨርስ ይትፋ እንጂ አፉን በብዙ ውኃ ባይጉመጠመጥ ይመረጣል፤ በጥርሱ ላይ የሚቀረው ጥቂት ፍሎራይድ መከላከሉን ይቀጥላልና። እስከ 7 ወይም 8 ዓመት ድረስ የልጅ እጅ በቂ ቅልጥፍና ስለማይኖረው ወላጅ ሊያግዘው ይገባል።

በመጠጥ ውኃ ውስጥ ፍሎራይድ ሲበዛ ጥርስን የሚያበላሽ መሆኑን የሰሙ ሰዎች ሊሰጉ ይችላሉ። ይህ ችግር ግን በዋናነት የሚታየው በስምጥ ሸለቆ አካባቢ የከርሰ ምድር ውኃ ነው። በልኩ የተጨመረ፣ የሚተፋ የጥርስ ሳሙና ከዚያ ጋር አይነጻጸርም።

ሁለተኛው መፋቂያ ነው። ከወይራና ከሌሎች ዛፎች የሚዘጋጀው መፋቂያ በአካባቢው በቀላሉ የሚገኝ፣ ዋጋውም ርካሽ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ልማዱ ባለባቸው አገሮች አጠቃቀሙን አበረታቷል። ጫፉን አኝኮ እንደ ብሩሽ እስኪለሰልስ መጠበቅ፣ ከድድ ወደ ጥርሱ ጫፍ ቀስ ብሎ መጥረግ፣ ወደ ጎን እንደ መጋዝ አለመግፋት፣ ያረጀውን ጫፍ ቆርጦ በአዲስ መተካት ያስፈልጋል። የፊት ጥርሶችን ብቻ ፍቆ መተው የተለመደ ስሕተት ነው፤ የሚቦረቦሩት ከኋላ ያሉት መንጋጋዎች ናቸውና። መፋቂያ የሚጠቀም ሰው ፍሎራይድ ያለውን ሳሙና በጫፉ ላይ ቢጨምር የሁለቱንም ጥቅም ያገኛል።

ሦስተኛው ጣፋጭ ነገርን መቀነስ ነው። ከረሜላ፣ ብስኩት፣ ለስላሳ መጠጥና ስኳር የበዛበት ሻይ የሚጎዱት በመጠናቸው ብቻ ሳይሆን በድግግሞሻቸው ነው። በምግብ ሰዓት አንድ ጊዜ የተወሰደ ጣፋጭ፣ ቀኑን ሙሉ ጥቂት በጥቂት ከተላሰ ከረሜላ ያነሰ ጉዳት ያደርሳል። ለስላሳ መጠጥ ወይም ሎሚ ከተወሰደ በኋላ ደግሞ ኢናሜሉ ለጊዜው ስለሚላላ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ መቦረሽ ይሻላል።

ልጁ ጥርሱን የሚያመው ከሆነ፣ በመንጋጋው ላይ ጥቁር ነጥብ ወይም ቀዳዳ ከታየ እስኪያብጥ መጠበቅ አይገባም። መጀመሪያ በመካነ ኢየሱስ ባለው ሆስፒታል ወይም በአቅራቢያ በሚገኝ ጤና ጣቢያ ማሳየት፣ ከዚያም የጥርስ ሕክምና ወደሚሰጥበት ተቋም መላክን መጠየቅ ይቻላል። ወደ ደብረ ታቦር፣ ባሕር ዳር ወይም ጎንደር ከመሄድ በፊት አገልግሎቱና ቀኑ ምን እንደሆነ አስቀድሞ ማጣራት የገበሬን የሥራ ቀን ያተርፋል። በልጅነት የተደፈነ ትንሽ ቀዳዳ የዘገየውን መነቀል ያስቀራል።

የ6 ወይም የ7 ዓመት ልጅ ያለው ወላጅ ዛሬ ማታ አንድ ነገር ሊያደርግ ይችላል። ልጁን በብርሃን ፊት አስቀምጦ አፉን እንዲከፍት ይጠይቀው፤ ከፊት መሐል ጀምሮ ወደ አንድ ጎን ይቁጠር። አምስቱ የመጀመሪያ ጥርሶች ገና የወተት ጥርሶች ወይም ተተኪዎቻቸው ናቸው። ስድስተኛዋ፣ ሰፊዋና ሸካራዋ፣ ልጁ አርጅቶ እስኪሞት ድረስ ሊያኝክባት የተሰጠችው ናት። ማሸጊያ ካላት ብሩሹን አትፍሩላት፤ ከሌላት ደግሞ ብሩሹን አብዝታችሁ አስለምዷት።